የሼል ፕሮምፕቴን እንደገና ስሠራው፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት ትናንት ከሰዓት በኋላ በሠራሁት ስህተት ምክንያት ነው። ሁለት የተርሚናል መስኮቶችን ጎን ለጎን ከፍቼ እሠራ ነበር፤ አንዱ ለሙከራ ከተዘጋጀው የዳታቤዝ ሰርቨር ጋር፣ ሌላው ደግሞ ተጠቃሚዎች በየደቂቃው ከሚገለገሉበት ሰርቨር ጋር የተገናኘ ነበር። በሙከራው ሰርቨር ላይ የተከማቹ አሮጌ ፋይሎችን የሚያጠፋ ትእዛዝ ጻፍኩ፣ ፊደል በፊደል አንብቤ ትክክል መሆኑን አረጋገጥኩ፣ ከዚያም አስገባሁት። ትእዛዙ ትክክል ነበር፤ የተፈጸመው ግን በሌላው ማሽን ላይ ነበር። ፋይሎቹን ከመጠባበቂያ ቅጂ መልሶ ማስቀመጥ እስከ ምሽት ድረስ ወሰደብኝ።

ያሳሰበኝ ፕሮምፕቱን ሳላየው ማለፌ አይደለም፤ አይቼው ነበር። ፕሮምፕት ማለት ሼሉ (በተርሚናል የምንጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽመው ፕሮግራም) ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን ለማሳወቅ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚጽፈው አጭር ጽሑፍ ነው፤ በሁለቱም መስኮቶች ላይ የተጠቃሚው ስም፣ የማሽኑ ስም፣ የፎልደሩ ስምና የዶላር ምልክት ተጽፈው ነበር። ችግሩ በሁለቱም ላይ የተጻፈው የማሽን ስም አንድ መሆኑ ነው። የአንደኛው ሰርቨር ሙሉ ስም «ዲቢ» ብሎ ከነጥብ በኋላ «ቴስት» ይላል፤ የሌላው ደግሞ «ዲቢ» ብሎ ከነጥብ በኋላ «ፕሮድ» ይላል። የምጠቀምበት ሼል፣ ባሽ፣ በፕሮምፕት ውስጥ ባክስላሽና ትንሹን «ኤች» ሲያገኝ የማሽኑን ስም የሚጽፈው እስከ መጀመሪያው ነጥብ ድረስ ብቻ ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለውን ይቆርጠዋል። ሁለቱን ማሽኖች የሚለያቸው ቃል የሚገኘው ደግሞ በትክክል በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነበር። ለዓመታት ያመንኩት መስመር ለዚህ ጥያቄ መልስ እየሰጠኝ አልነበረም ማለት ነው።

ስለዚህ ሥራውን የጀመርኩት ቀለምና ጌጥ በመምረጥ ሳይሆን ፕሮምፕቱ ሊመልስልኝ የሚገባቸውን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ በማስፈር ነው። የትኛው ማሽን ላይ ነኝ? በማን ስም እየሠራሁ ነው? በየትኛው ፎልደር ውስጥ ነኝ? የመጨረሻው ትእዛዝ ተሳክቷል ወይስ ከሽፏል? ፎልደሩ የፋይሎችን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት የሚተዳደር ከሆነ ደግሞ በየትኛው ብራንች (የለውጥ ቅርንጫፍ) ላይ ነኝ? ሰዓት፣ የባትሪ መጠን፣ የተጫኑ የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች እትምና የመሳሰሉትን አላስገባም ብዬ ወስኛለሁ። እነዚህ ነገሮች ከንቱ ስለሆኑ አይደለም፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው ዓይኔን ከማሽኑ ስም ላይ ያነሡታል፤ ትናንት ያስከፈለኝም ይኸው ስም ነው።

ከመንካቴ በፊት የወሰድኳቸውን ጥንቃቄዎች እመዘግባለሁ። በባሽ ውስጥ ዋናው ፕሮምፕት ፒኤስ1 በተባለ ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚይዝ ስም) ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ስም ቢያንስ በ1979 ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር እስከወጣው የቦርን ሼል ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ለተራ ተጠቃሚ የዶላር ምልክት፣ ለሩት (ሁሉ ለተፈቀደለት አስተዳዳሪ) የፓውንድ ምልክት (#) ማሳየትም ከዚያው የተወረሰ ልማድ ነው። የአሁኑን የፒኤስ1 ይዘት በፋይል አስቀመጥኩ፤ ባሽአርሲ የተባለውን የቅንብር ፋይልም ቀዳሁት። ከዚያም ሁለተኛ መስኮት ከሰርቨሩ ጋር እንደተገናኘ ክፍት ተውኩ፤ ምክንያቱም በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የሚፈጠር ስህተት አዲስ የሚከፈተውን ግንኙነት ሊያበላሸው ይችላል፤ ያኔ ፋይሉን የማስተካክልበት በር ያስፈልገኛል። ሙከራዎቹን ሁሉ በመጀመሪያ የምጽፈው በክፍት መስኮት ላይ በቀጥታ ነው፤ እንዲህ የተሰጠ ዋጋ ሼሉ ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል።

ቀን 2

ቀላሉ መፍትሔ ትንሹን «ኤች» በትልቁ መተካት ይመስል ነበር፤ ትልቁ «ኤች» የማሽኑን ሙሉ ስም ይጽፋልና። ሞከርኩት። የሰርቨሮቹ ሙሉ ስም ረጅም በመሆኑ የመስመሩን ግማሽ ያዘ፤ ከዚህም በላይ ልዩነቱ ያለበት ቃል በተመሳሳይ ቃላት መካከል ተቀብሮ ቀረ። በችኮላ የሚያይ ሰው ሁለቱን ሊለያቸው እንደማይችል እኔው ራሴ ከአንድ ሜትር ርቀት ተመልክቼ አረጋገጥኩ።

ስለዚህ የማሽኑን ስም ሳይሆን የማሽኑን ሚና ለመጻፍ ወሰንኩ። አንድ አጭር ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) ሙሉውን ስም ይመረምራል፤ በውስጡ «ቴስት» ካለ የሙከራ መለያ፣ «ፕሮድ» ካለ የአገልግሎት መለያ፣ የራሴ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ምንም መለያ አይሰጥም። ብዙ ያሰብኩበት ነጥብ ስሙ ከሦስቱ በአንዱም ሳይመደብ ቢቀር ምን ይሁን የሚለው ነው። መጀመሪያ ባዶ እንዲሆን ጽፌው ነበር፤ በኋላ ግን ለወጥኩት። ያልታወቀ ማሽን እንደ አገልግሎት ማሽን ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ነገ አዲስ ሰርቨር ተተክሎ እኔ ዝርዝሩን ሳላሻሽል ብቀር ስህተቱ ወደ ጥንቃቄ ቢያዘነብል ይሻላል።

መለያውን በአማርኛ ልጽፈው አሰብኩ፤ «ሥራ ላይ» የሚለው ቃል ከማንኛውም ምህጻር ይልቅ ቶሎ ይገባኛል። በራሴ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ሠራ። ከሰርቨሮቹ አንዱ ግን የቋንቋ ቅንብሩ ዩቲኤፍ-8 (የዩኒኮድ ፊደላትን በባይት የሚጽፈው ስልት) ስላልሆነ ጠቋሚው ከትክክለኛው ቦታ ርቆ ቆመ። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደብኝም፤ የኢትዮጵያ ፊደላት በዩኒኮድ ውስጥ ያላቸው ቦታ በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ቅንብሩን የማያውቅ ሼል ደግሞ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ቁምፊ ይቆጥራል። አንድ ፊደል ባለበት ሦስት ዓምድ እንደተያዘ ያምናል። ቅንብሩ የተስተካከለ ቢሆን እንኳ አንዳንድ ተርሚናሎች ፊደሎቻችንን ከሌላ ፎንት ስለሚበደሩ ከተመደበላቸው ጠባብ ሳጥን ወጥተው ይደራረባሉ። እያዘንኩ መለያውን በላቲን አቢይ ፊደላት ጻፍኩት። ፕሮምፕት በማይመች ማሽን ላይም ሳይሳሳት መነበብ አለበት።

ቀን 3

ዛሬ ቀለም አስገባሁ፤ ግማሽ ቀንም በአንድ ስህተት ላይ አሳለፍኩ። ስህተቱ በጣም የተለመደ ነው፤ ምክንያቱ ግን በአግባቡ ሲብራራ እምብዛም ስላላየሁ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ተርሚናል የጽሑፍን ቀለም የሚቀይረው በጽሑፉ መካከል በሚላክለት የቁምፊዎች ቅደም ተከተል ነው። ይህ ቅደም ተከተል የሚጀምረው በአስኪ የቁምፊ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ቁጥሩ 27፣ በስምንትዮሽ አቆጣጠር ደግሞ 033 በሆነው የኢስኬፕ ቁምፊ ነው፤ ከዚያ ክፍት ማዕዘን ቅንፍ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ በመጨረሻ ትንሹ «ኤም» ይከተላል። ቁጥሩ 31 ሲሆን ጽሑፉ ቀይ፣ 32 ሲሆን አረንጓዴ፣ 33 ሲሆን ቢጫ፣ 34 ሲሆን ሰማያዊ ይሆናል፤ 41 ጀርባውን ቀይ ያደርጋል፤ 0 ደግሞ ሁሉንም ወደ ነበረበት ይመልሳል። አሠራሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1976 በወጣው ኢሲኤምኤ-48 በተባለው ደረጃ ውስጥ ተደንግጓል፤ በ1978 ለገበያ የቀረበው ቪቲ100 ተርሚናል ደግሞ በሰፊው እንዲለመድ አድርጎታል። ዛሬ በመስኮት ውስጥ የምንከፍታቸው ተርሚናሎች አሁንም ያንኑ ቋንቋ ይናገራሉ።

የማሽኑን መለያ ቀይ አድርጌ ሁሉም ነገር ያማረ መሰለኝ። ረጅም ትእዛዝ መጻፍ ስጀምር ግን ጽሑፉ ወደ ቀጣዩ መስመር በመውረድ ፋንታ በዚያው መስመር ወደ መጀመሪያው ተመልሶ በፕሮምፕቱ ላይ መጻፍ ጀመረ። የላይ ቀስቱን ተጭኜ የቀድሞ ትእዛዞችን ስጠራም የአንዱ ትእዛዝ ቁራጭ በሌላው ላይ ቀርቶ ይታያል፤ ያ ቁራጭ የእውነተኛው ትእዛዝ አካል ይሁን አይሁን በዓይን መለየት አይቻልም። ፋይል የሚያጠፋ ትእዛዝ እንዲህ ባለ መስመር ላይ ማረም ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በባሽ ውስጥ የትእዛዝ መስመሩን የሚያስተዳድረው ሪድላይን የተባለው ላይብረሪ ነው፤ እሱም መስመሩ መቼ እንደሚሞላ ለማወቅ የፕሮምፕቱን ርዝመት ይቆጥራል። የቀለም ምልክቶቹ በስክሪን ላይ ምንም ቦታ አይይዙም፤ ሪድላይን ግን ይህን አያውቅም። ቀዩን የሚያበራው ቅደም ተከተል አምስት ቁምፊ፣ የሚያጠፋው አራት ቁምፊ ነው፤ በድምሩ ዘጠኝ። ስለዚህ 80 ዓምድ ባለው ተርሚናል ላይ 71 ዓምድ ብቻ ሲሞላ ሪድላይን መስመሩ አልቋል ብሎ ያምናል፤ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መነሻ ሲመልሰው ተርሚናሉ ገና ወደ ታች ስላልወረደ አዲሱ ጽሑፍ በአሮጌው ላይ ያርፋል። ይህን በቁጥር ለማረጋገጥ አንዱን አኃዝ ደጋግሜ እየተየብኩ ቆጠርኩ፤ መስመሩ የታጠፈው ልክ በዘጠኝ ዓምድ ቀድሞ ነበር። ያቺ ዘጠኝ ቁጥር ስትወጣ የተሰማኝን እፎይታ አልደብቅም።

መድኃኒቱ ቦታ የማይይዘውን እያንዳንዱን ቅደም ተከተል ባክስላሽ ባለው ክፍት ማዕዘን ቅንፍና ባክስላሽ ባለው ዝግ ማዕዘን ቅንፍ መካከል ማስቀመጥ ነው። እነዚህ ሁለት ምልክቶች ለሪድላይን «ከዚህ እስከዚህ ያለውን አትቁጠር» ይሉታል። በተቃራኒው ደግሞ በስክሪን ላይ የሚታይ ጽሑፍ በእነዚህ ቅንፎች ውስጥ መግባት የለበትም፤ ከገባ ስህተቱ በሌላ አቅጣጫ ይደገማል።

ከቀለሙ ጋር ቃሉን አላስወገድኩትም። የአገልግሎት ማሽን መለያ በቀይ ጀርባ ላይ በነጭ ይጻፋል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረው ባልደረባ ስክሪኑን ቢያይም፣ ጽሑፉ ያለ ቀለም ወደ ሌላ ቦታ ቢገለበጥም ቃሉ ይቀራል።

ቀን 4

የመጨረሻው ትእዛዝ መሳካት አለመሳካቱን ማሳየት የዛሬ ሥራ ነበር። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲያልቅ ከ0 እስከ 255 የሆነ የመውጫ ኮድ ይተዋል፤ 0 ስኬት ነው፤ ሌላው ሁሉ ውድቀት ወይም ልዩ መልእክት ነው። ሼሉ ይህን ቁጥር የዶላር ምልክትና ጥያቄ ምልክት አብረው በሚጻፉበት ተለዋዋጭ ውስጥ ይይዘዋል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ፒኤስ1ን በድርብ ጥቅስ ውስጥ መጻፍ ነበር፤ ውጤቱም ሁልጊዜ 0 ሆነ። በድርብ ጥቅስ ውስጥ ያለ ተለዋዋጭ የሚተካው ዋጋው በሚሰጥበት ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ ፕሮምፕቱ የሚያሳየው እኔ ፒኤስ1ን ከመጻፌ በፊት የነበረውን ኮድ እንጂ የአሁኑን አይደለም። በነጠላ ጥቅስ ስጽፈው ተለዋዋጩ ሳይተካ ይቀመጣል፤ ባሽም ፕሮምፕቱን ባሳየ ቁጥር ይተካዋል። ድርብና ነጠላ ጥቅስ በሌላ ቦታ የምርጫ ጉዳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ እዚህ ግን የአንዴና የዘወትር ልዩነት ናቸው።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ ይረቅቃል። ፕሮምፕቱን የሚያዘጋጅ ፈንክሽን ጽፌ ፕሮምፕት ኮማንድ በተባለው ተለዋዋጭ በኩል ከእያንዳንዱ ፕሮምፕት በፊት እንዲጠራ አደረግኩ፤ በፈንክሽኑ ውስጥ ግን መለያውን የሚመርጠው ክፍል ከመውጫ ኮዱ በፊት ነበር። መለያ መምረጥም ራሱ ትእዛዝ ነው፤ ሲሳካ ኮዱን 0 ያደርገዋል። የእኔ ፈንክሽን የእኔን ትእዛዝ ውጤት በራሱ ውጤት እየሸፈነው ነበር። የመውጫ ኮዱን ወደ ራሱ ተለዋዋጭ መቅዳት የፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር መሆን አለበት፤ ከእሱ በፊት ምንም ነገር መኖር የለበትም።

ኮዱ 0 ሲሆን ምንም አይታይም፤ ሌላ ሲሆን ብቻ በቀይ ይጻፋል። የፈገግታና የኀዘን ፊት የሚስሉ ፕሮምፕቶች አይቻለሁ፤ ለእኔ ግን ቁጥሩ ይሻላል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ ይናገራል። 127 ትእዛዙ አልተገኘም ማለት ነው፤ 126 ተገኝቷል ግን መሥራት አልተፈቀደለትም ማለት ነው። ከ128 በላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮግራሙ በሲግናል (ሲስተሙ በሚልክለት ባለቁጥር መልእክት) መቆሙን ያመለክታሉ፤ ኮዱ ከ128 ላይ የሲግናሉ ቁጥር ሲደመር ነው። 130 በኮንትሮል-ሲ የቆመ፣ 137 በግድ የተገደለ፣ 139 ደግሞ ያልተፈቀደለትን የሜሞሪ ክፍል የነካ ነው። የሜሞሪ እጥረት ባለበት ሰርቨር ላይ 137ን በፕሮምፕቱ ላይ ማየት ብዙ ፍለጋ ያሳጥራል።

አንድ ውሱንነት አለው። የአንዱ ውጤት ለቀጣዩ ግብዓት እንዲሆን ትእዛዞች በፓይፕ ሲያያዙ ኮዱ የመጨረሻውን ብቻ ይመለከታል፤ የመጀመሪያው ወድቆ የመጨረሻው ከተሳካ ፕሮምፕቱ ዝም ይላል። ፓይፕስታተስ የተባለው ዝርዝር የእያንዳንዱን ኮድ ስለሚይዝ እሱንም በዚያው የመጀመሪያ መስመር ላይ አብሬ ቀዳሁት፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ከ0 የተለየ ከሆነ ሁሉም ተደርድረው ይታያሉ።

ቀን 6

ሁለት ቀን በጊት ብራንች ላይ ሠራሁ።

ብራንቹን ማሳየት ቀላል ነው፤ ፕሮምፕቱን ሳያዘገዩ ማሳየት ነው የሚከብደው። ከጊት ጋር የሚመጣ ለዚሁ የተዘጋጀ ስክሪፕት አለ፤ ለአብዛኛው ሰው እሱ ይበቃል። እኔ ግን እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ስለፈለግኩ ራሴ ጻፍኩት። የመጀመሪያው ሥሪት ከብራንቹ ስም ጎን ያልተመዘገበ ለውጥ መኖሩን የሚያመለክት ኮከብ ነበረው። በትንሽ ፕሮጀክት ውስጥ መዘግየቱ አይታወቅም ነበር፤ ብዙ ሺህ ፋይሎች ባሉት ፕሮጀክት ውስጥ ግን አስገባ የሚለውን ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር መስመሩ ከመመለሱ በፊት እጄ ይጠብቅ ጀመር። ለውጥ መኖሩን ለማወቅ ጊት የሚከታተላቸውን ፋይሎች ሁሉ ሁኔታ ከዲስኩ መጠየቅ፣ አዲስ ፋይል መኖሩን ለማወቅ ደግሞ ፎልደሮቹን ማሰስ አለበት፤ ፋይሎቹ በኔትወርክ በኩል የሚገኙ ከሆነ መዘግየቱ ይባባሳል። ኮከቡን አወጣሁት። ለውጥ መኖሩን ማወቅ ስፈልግ እጠይቃለሁ፤ ሳልጠይቅ በየመስመሩ ዋጋ መክፈል አልፈልግም።

የብራንቹን ስም ብቻ ለማግኘት ጊትን ጨርሶ ሳልጠራ በድብቁ የጊት ፎልደር ውስጥ ያለውን «ሄድ» የተባለ ፋይል በቀጥታ ለማንበብም ሞከርኩ። ፈጣን ነው፤ አዲስ ፕሮሰስ አይፈጥርምና። ነገር ግን በንዑስ ሞጁሎችና በተጨማሪ የሥራ ቅጂዎች ውስጥ ያ ድብቅ ፎልደር ፎልደር ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁም ፋይል ነው፤ ንባቤ በዚያ ወደቀ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ጊትን መጥራት መረጥኩ፤ በብራንች ላይ ካልሆንኩ፣ ማለትም አንድ አሮጌ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) በቀጥታ ከፍቼ ከሆነ፣ አጭሩ የኮሚት መለያ ይተካል።

ከዚህ ሥራ ሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ፍጥነቱ አይደለም። የብራንቹን ስም በፈንክሽኑ ውስጥ አግኝቼ በቀጥታ በፒኤስ1 ጽሑፍ ውስጥ እሰፋው ነበር። ባሽ ፒኤስ1ን ከማሳየቱ በፊት በውስጡ ያሉትን ተለዋዋጮችና የትእዛዝ ምትኮች (በዶላር ምልክትና በቅንፍ ተጽፈው ተፈጽመው በውጤታቸው የሚተኩ ትእዛዞች) እንደሚተካ አውቃለሁ፤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ግን ሳላስተውል ቆይቻለሁ። ጊት በብራንች ስም ውስጥ ባዶ ቦታን፣ የጥያቄ ምልክትን፣ ኮከብንና ባክስላሽን ይከለክላል፤ የዶላር ምልክትንና ቅንፍን ግን ይፈቅዳል። ስለዚህ ለሙከራ ስሙ የዶላር ምልክት ሆኖ በቅንፍ ውስጥ የቀን ማሳያውን ትእዛዝ የያዘ ብራንች ፈጠርኩ። ፕሮምፕቱ የብራንቹን ስም ሳይሆን የዛሬን ቀንና ሰዓት ጻፈ። ከሌላ ሰው የወሰድኩት ፕሮጀክት እንዲህ ያለ የብራንች ስም ቢኖረው፣ በውስጡም ከቀን ማሳያ የከፋ ትእዛዝ ቢኖር፣ ብራንቹን በመክፈቴ ብቻ በእኔ ስም በተፈጸመ ነበር።

መፍትሔው ስሙን ሳይሆን ስሙን የያዘውን ተለዋዋጭ በፒኤስ1 ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ባሽ ተለዋዋጩን በይዘቱ ይተካል፤ የተተካውን ይዘት ግን እንደገና አይተረጉምም። በዚያው ብራንች ላይ ስሞክረው የዶላር ምልክቱና ቅንፉ እንዳሉ ተጻፉ። ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ጽሑፍ በፕሮምፕት ውስጥ የሚገባው በዚህ መንገድ ብቻ ነው ብዬ በፋይሉ ራስጌ ላይ ጻፍኩ።

ይህን ካደረግኩ በኋላ ቀለሞቹንም በተለዋዋጭ ውስጥ ሳስገባ ቅንፎቹና ባክስላሾቹ በስክሪኑ ላይ እንዳሉ ታዩ። ምክንያቱ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው፤ ባሽ መጀመሪያ የባክስላሽ ምልክቶችን ይፈታል፣ ከዚያ ተለዋዋጮችን ይተካል። በተለዋዋጭ ውስጥ የመጣ የባክስላሽ ቅንፍ የሚደርሰው ፈቺው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ ግልጽ ሆነ፤ ቀለሙን እኔ ስለምጽፈው በቀጥታ በፒኤስ1 ውስጥ ይገባል፣ ስሙ ከውጭ ስለሚመጣ በተለዋዋጭ በኩል ይገባል።

ቀን 8

ረጅም ጊዜ የወሰደ ትእዛዝ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ እንዲታይ አደረግኩ። በመጀመሪያው ዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም፤ ከመጠባበቂያ ቅጂ ስመልስ የነበርኩበት ምሽት ግን ይህ ቁጥር ምን ያህል እንደሚጠቅም አስታወሰኝ። በ2016 የወጣው የባሽ 4.4 እትም ፒኤስ0 የተባለ ተለዋዋጭ አምጥቷል፤ ይህ ትእዛዙ ከተነበበ በኋላ፣ ከመፈጸሙ በፊት የሚታይ ጽሑፍ ነው። የመነሻውን ሰከንድ በዚያ እመዘግባለሁ፤ መመዝገቡ ግን በትእዛዝ ምትክ ውስጥ ከሆነ በልጅ ሼል (ለጊዜው በሚፈጠር ሁለተኛ ሼል) ውስጥ ስለሚፈጸም ዋጋው ይጠፋል። በሒሳብ ምትክ (ሼሉ ራሱ አስልቶ በሚተካው ስሌት) ውስጥ ሲሆን ይቀራል፤ ስለዚህ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ የጽሑፍ ቁራጭ እንዲሰጥ አድርጌ መነሻውን እዚያው መደብኩት። አምስት ሰከንድ ያልሞላ አይታይም።

ባዶ መስመር ላይ አስገባን ስጫን ቁጥሩ እያደገ ሄደ። ባዶ መስመር ትእዛዝ ስላልሆነ ፒኤስ0 አይሠራም፤ የድሮው መነሻ ግን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ የተቀመጥኩበትንም ጊዜ ይቆጥር ነበር። ፈንክሽኑ ቁጥሩን ካሳየ በኋላ መነሻውን እንዲያጠፋ አደረግኩ፤ ተስተካከለ።

ቀን 9

ፋይሉን ወደ ሰርቨሮቹ ቀዳሁ፤ አንድ ከባድ ጉድለትም አገኘሁ። በርቀት መሥራቴን ለማወቅ ከሩቅ ማሽን ጋር የሚያገናኘው ኤስኤስኤች የሚያዘጋጀውን የግንኙነት ተለዋዋጭ እመለከት ነበር፤ ተለዋዋጩ ካለ የማሽኑ መለያ ይታያል፣ ከሌለ አይታይም። በተራ ተጠቃሚነት በትክክል ሠራ። በሌላ ተጠቃሚ ሥልጣን ትእዛዝ በሚያስፈጽመው በሱዶ አማካኝነት ወደ ሩት ስሻገር ግን መለያው ጠፋ። ሱዶ በተለመደው ቅንብሩ ከተጠቃሚው የወረሳቸውን አብዛኞቹን የአካባቢ ተለዋዋጮች ያጸዳል፤ የግንኙነቱም ተለዋዋጭ አብሮ ይሄዳል። የእኔ ሥልጣን ከፍተኛ በሆነበት ሰዓት ማስጠንቀቂያው ይጠፋ ነበር ማለት ነው። በተለዋዋጩ ላይ መመካቱን ሙሉ በሙሉ ትቼ ውሳኔው በማሽኑ ሙሉ ስም ላይ ብቻ እንዲመሠረት አደረግኩ።

ሩት የራሱ የባሽአርሲ ፋይል ስላለው በእኔ ፎልደር ያለውን አያነብም። ስለዚህ ፈንክሽኑን ሁሉም ተጠቃሚ ሊያነበው በሚችል፣ ከሩት በቀር ማንም ሊጽፍበት በማይችል የጋራ ቦታ አስቀመጥኩ፤ የእኔም የሩትም ባሽአርሲ ከዚያ ይጠራዋል። የመጻፍ ፈቃዱ ቀላል ዝርዝር አይደለም፤ ሩት በየመስመሩ የሚፈጽመውን ፋይል ሌላ ሰው ሊያርመው ከቻለ ማሽኑ የዚያ ሰው ነው።

ከሰርቨሮቹ አንዱ አሮጌ ባሽ ስላለው ፒኤስ0ን አያውቀውም። ተለዋዋጩ እዚያ ምንም ትርጉም ስለሌለው ስህተት አላመጣም፤ የሰከንዱ ቁጥር ብቻ አይታይም። ማክኦኤስ ላይ የሚሠራው ባልደረባዬም ፋይሉን ጠይቆኝ ነበር፤ ከ2019ኙ የካታሊና እትም ጀምሮ እዚያ የሚከፈተው መደበኛ ሼል ዚሼል ነው፤ ዚሼል ደግሞ በባክስላሽ ፋንታ የመቶኛ ምልክት ይጠቀማል፤ ቦታ የማይይዙ ቁምፊዎችንም በመቶኛ ምልክትና በጠምዛዛ ቅንፍ ይከልላል። ፋይሉን እንዳለ ልሰጠው አልቻልኩም። የማሽን መለያውን የሚመርጠውን ክፍል ብቻ ለይቼ ሰጠሁት፤ እሱ በሁለቱም ሼሎች ይሠራል።

ቀን 12

ሦስት ቀን በዚህ ፕሮምፕት ሠራሁ፤ ሁለት ነገሮችን ቀየርኩ። ጥልቅ ፎልደር ውስጥ ስገባ የመንገዱ ስም መስመሩን ይሞላው ነበር፤ ፕሮምፕት ዲርትሪም የተባለውን ተለዋዋጭ 3 አድርጌ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፎልደሮች ብቻ እንዲቀሩ፣ የተቆረጠው በሦስት ነጥብ እንዲተካ አደረግኩ። የማሽኑን ስም መቆረጥ ስወቅስ ከርሜ ፎልደርን መቁረጤ የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን እዚህ መቆረጡ ራሱ በሦስት ነጥብ ይታያል፤ በማሽኑ ስም ላይ ግን የተቆረጠ ነገር መኖሩን የሚያመለክት ምንም አልነበረም። ሁለተኛው ለውጥ መረጃውን ሁሉ በላይኛው መስመር፣ የትእዛዝ መጻፊያውን ደግሞ ለብቻው በታችኛው መስመር ማድረግ ነው። አሁን ፎልደሩ ረጅምም ሆነ አጭር ትእዛዜ ሁልጊዜ ከአንድ ዓምድ ይጀምራል።

ከመዝጋቴ በፊት ፒኤስ4ንም ነካሁ። ስክሪፕት በመከታተያ ስልት ሲሮጥ በእያንዳንዱ ትእዛዝ ፊት የሚጻፈው እሱ ነው፤ ካልተነካ የመደመር ምልክት ብቻ ያሳያል። የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር እንዲጨምር አደረግኩት።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱን ሰርቨሮች እንደገና ጎን ለጎን ከፈትኳቸው። በግራው መስኮት መለያው አረንጓዴ ነው፤ በቀኙ ነጭ ቃል በቀይ ጀርባ ላይ ተጽፏል። ያንኑ የማጥፊያ ትእዛዝ በግራው ላይ ጽፌ አስገባሁት፤ አሮጌዎቹ ፋይሎች ከሙከራው ሰርቨር ላይ ጠፉ።